የቢሌ አባት ታንኳ

ዘፈኑ ስለ ምንድን ነው?

ኤዛን ታኖኤ ይህን ጥያቄ ራሱን ሲጠይቅ አንድ እግሩ ካልሲ ለብሷል፣ ሌላው ገና ባዶ ነው። ከሚመራው ሙዚየም ጓሮ ባለችው ክፍሉ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ዘበኛው ድራማኔ በመስኮቱ በኩል አንገቱን አስገብቶ መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው እያዛወረ ያየዋል።

"ዛሬ ሊዘፈንብህ ነው አሉ፣ አለቃ።"

"ማን አለ?"

"ሰው።"

"ሰው ማን?"

"አለቃ፣ እኔ የሰሜን ሰው ነኝ። አቢሳ የእናንተ ነው፤ እኔ የሰማሁትን ነው የማወራው። ዳቦ ልገዛ ብወጣ የአክስትህ ዘፋኞች መንገድ ላይ ያዙኝና 'ለመሆኑ አለቃህን እንቅልፍ ይወስደዋል?' አሉኝ። ይወስደዋል እንጂ፣ ያንኮራፋል አልኳቸው። ያኔ እንዴት እንደሳቁ ብታይ!"

"ስለ ምን እንደሆነ አልነገሩህም?"

"እኔ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ቀጥሎ በእኔ ላይ እንዲያወጡ ነው?"

የአቢሳ በዓል የመጨረሻው እሑድ ነበር። በዚህ ሳምንት በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በግራን ባሳም አሮጌው ሰፈር ዓመቱን ሙሉ ተውጦ የከረመ ነገር ሁሉ በዘፈን ይወጣል። አከራዩ ላይ ይዘፈናል፣ ከንቲባው ላይ ይዘፈናል፣ ሚስቱን አስርቦ ወዳጁን የሚያበላው ላይ ይዘፈናል። የተዘፈነበት ሰው መልስ አይሰጥም፣ አይከስም፣ ቂም አይዝም። ቆሞ ይሰማል፤ ብልህ ከሆነም ይጨፍራል። አመሻሽ ላይ ከበሮው ወደ ቤቱ ሲገባ የዓመቱ ነገር ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የሚያነሳው ሰው ነውረኛ ነው።

የአክስቱ የአጆባ ቡድን ደግሞ የራሱ የሆነች አንዲት ሕግ አለችው። ጥፋተኛው ከሰዓት በኋላ ከበሮው ከመመታቱ በፊት የበደለውን ሰው ሄዶ ይቅርታ ከጠየቀ ዘፈኑ ይቀራል። ነገር ግን የተበደለው ማን እንደሆነ፣ በደሉም ምን እንደሆነ አይነገረውም። "ጥፋቱን የሚያውቅ እግር መንገዱን አይጠይቅም" ይላሉ ሴቶቹ።

ኤዛን ብራስልስ ሳለ ስለ አቢሳ ወፍራም ጥናት ጽፏል። በዚያ ጥናት በዓሉን "የኅብረተሰብ ማስተንፈሻ" ብሎ ጠርቶት ነበር፤ መምህሮቹም ቃሉን ወደውለት ነበር። አሁን ሁለተኛውን ካልሲ ሲፈልግ ያ ጥናት ውስጥ አንድ ነገር እንዳልጻፈ ተሰማው። የሚተነፈስበት ሰው ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚሰማው።

ካልሲው አልተገኘም። ጫማውን ያለ ካልሲ አጠለቀና ወጣ።

*

የአጆባ ግቢ ግማሹ ወንድ ግማሹ ሴት ነበር፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ወዲያው አይለይም። የአክስቱ ልጅ ካኩ የእህቱን ቀሚስ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ ሁለት ብርቱካን ወትፎ፣ ከንፈሩን ቀይ ያስቀባል። ሴቶቹ ነጭ አፈር በሳህን በጥብጠው ተራ በተራ ፊታቸው ላይ መስመር ያወጣሉ። አጆባ መሐል ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷ ላይ የምታስረውን ጨርቅ ታሳስራለች። የኤዛን እናት ታናሽ ናት፤ በእነሱ አቆጣጠር እናቱ ማለት ናት።

"እንደምን አደርሽ፣ እማ አጆባ?"

"እኔማ ደህና። አንተ ነህ እንዴት እንዳደርክ የሚጠየቀው።"

ሴቶቹ ሳቃቸውን ለቀቁት።

"ዘፈን አለ አሉኝ።"

"አቢሳ ነው። ዘፈን ካልኖረ ምን ይኖራል፣ ለቅሶ?"

"በእኔ ላይ ማለቴ ነው።"

"አንተስ ማነህና አይዘፈንብህም? አምና በእኔ አልተዘፈነም? ምራቴን ጓዳ ቆልፌባት ወጣሁ ብለው ሰፈር ሙሉ አስጨበጨቡብኝ። ጨፈርኩ። ወገቤን ጥቂት ቀን አመመኝ እንጂ ሌላ ምን ሆንኩ?"

"ፍንጭ ብቻ ስጪኝ። አንዲት ቃል።"

"ፍንጭ! ስሙት እስቲ። ኤዛን፣ ባሕር ተሻግረህ ያን ሁሉ ዘመን ተምረህ ስትመለስ፣ ያጠፋኸውን አንተ ከእኔ ትጠይቃለህ?"

"ኧረ ንገሩት" አለ ካኩ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ለመናገር እየሞከረ፤ "በዝቶበት እኮ ነው። የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ካልነገራችሁት እስከ ገና ሲዞር ይከርማል።"

"አንተ ብርቱካንህን ያዝ፤ አንዱ ወርዷል" አለችው አጆባ። ወደ ኤዛን ዞራም "እግር አለህ አይደል? ሂድ፤ ከበሮው እስኪመታ ጊዜ አለህ" አለችው።

ካኩ የተናገረው ለቀልድ ነበር። ኤዛን ግን መንገድ ላይ ሲያሰላስለው እውነት ሆኖ አገኘው። ከተመለሰ ወዲህ፣ ሙዚየሙ ይከፈት ብሎ ሲሯሯጥ፣ ይህን አስነስቷል፣ ያን አስፈርሟል፣ የእገሌን አስወስዷል። ሁሉንም ለከተማው ሲል እንዳደረገው ያምናል። ማታ ማታ ግን አንዳንዱን አያምንም።

ስልኩ ጮኸ። ቢሌ የድምፅ መልእክት ልኮለት ነው።

ቢሌ አብሮ አደጉ ነው። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ባሕሩ እዚህ ስለሳሳ እንደ ብዙዎቹ ወደ ኮንጎ ወርዶ ፖይንት ኑዋር ላይ መረብ ይጎትታል። የሟች አባቱ ታንኳ ኤዛን ሙዚየም ውስጥ ተቀምጣለች። መልእክት ሲደርሰው መልስ የማያዘገይ ሰው ነው። አንድ እጁ ገመድ ይዞ እንኳ በሌላው ይመልሳል፤ ድምፁ ውስጥ ነፋሱና የሰዎቹ ጩኸት ይሰማል።

"አንተ የብራስልስ ሰው! ከበሮው እዚህ ድረስ ይሰማኛል እኮ። ትንሽ ቅዳና ላክልኝ፣ ሰዎቹ አያምኑኝም። አባቴንስ ጠዋት ጠዋት ሰላም ትልልኛለህ? ስማ፣ ይቺ ብቻ ናት የምታመልጠኝ። በሚመጣው አቢሳ ታንኳዋን ከዚያ ከመስታወት ቤትህ አውጥተን ውሃ እናቀምሳታለን። የአባቴ ቦታ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ አንተ ከፊት ሆነህ ታስታውካለህ፣ እንደ ልማድህ።"

ኤዛን የሚስቅ ፊት ላከለት። ስለ ታንኳዋ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚልከው እሱኑ ነው። ከዚያ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰና በፍጥነት ስለ ሌላ ሰው ማሰብ ጀመረ።

*

ቀላሉን አስቀደመ። ጡረታ የወጡት መምህር አሱሙ በረንዳቸው ላይ ሙዝ ጥብስ እየበሉ ነበር።

"ግባ፣ ግባ! ለአቢሳ ቀን እንግዳ መልካም ነው። ቅመስ።"

"አመሰግናለሁ፣ መምህር። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"እኔን?" አሉ፤ ሙዙ አፋቸው ደጃፍ ላይ ቆመ።

"ስለ እናትዎ ፎቶግራፍ።"

"የትኛው ፎቶግራፍ?"

እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። አላቆመም። "ሙዚየሙ መግቢያ ላይ ያለው። ሴቶቹ ገበያ ላይ የተቀመጡበት። በስተቀኝ ያሉት እናትዎ እንደሆኑ ኋላ ነው ያወቅሁት። ከሥሩ የጻፍኩት ግን…"

"ምን ብለህ ነው የጻፍከው?"

"ስማቸው ያልታወቀ ሴት።"

መምህር አሱሙ ሙዙን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። ጣታቸውን በመሐረብ አንድ በአንድ ጠረጉ።

"ያልታወቀ።"

"ማስተካከል ነበረብኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ…"

"የዚህን ከተማ ግማሽ ያዋለደች ሴት! የአንተን እናት ያዋለደች! ያልታወቀ ነው የምትለኝ?"

"እርስዎ ያዩት መስሎኝ ነበር።"

"እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ ሙዚየም ገብቼ አላውቅም! አሁን አንተ ባትነግረኝ በምን አውቅ ነበር?" ተነስተው ከዘራቸውን ፈለጉ፣ አጡትና መልሰው ተቀመጡ። "ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥተህ! ሙዜን እየበላሁ!"

ሳይጠሩት አቤት ያለ ሰው እንደሚሆነው ሆኖ ኤዛን ከበረንዳው ወረደ። ነገ ማለዳ ጽሑፉን እንደሚቀይር ምሎላቸዋል። እሳቸውም ነገ ማለዳ መጥተው እንደሚያዩ ምለዋል። ዘፈኑ ስለዚህ እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ከእንግዲህ ግን ለከርሞ የሚበቃ ሌላ ዘፈን ተሰንቋል።

ከኋላው በሩቁ አንድ ሰው ከበሮ ይሞክር ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ መታና አቆመ።

*

ታንቲ ሞሺያ ዓሣ የምታጨሰው ከባሕሩ ጋር በሚገናኘው ሐይቅ፣ በላጉኑ ዳር፣ ከድልድዩ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ቀድሞ ቦታዋ ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ነበር። ጭሱ የቱሪስቶቹን አውቶቡስ ይሞላዋል ተብሎ ኤዛን በማዘጋጃ ቤቱ በኩል አስነሳት። በዕለቱ ምድጃዋን ራሷ በራሷ ተሸክማ ስትሄድ ከመስኮት አይቷታል፤ ወጥቶ አላገዛትም። ስለዚህ የሚዘፈንበት በእሷ ምክንያት ነው ብሎ ከወሰነ ደቂቃዎች ሆነውታል። ያ ውሳኔ እንዲያውም እፎይ አሰኝቶታል።

"ታንቲ ሞሺያ፣ በድዬሻለሁ።"

"መቼ?" አለች፤ ዓሣውን በወንፊት ሽቦው ላይ እያገላበጠች።

"ከቦታሽ ያስነሳሁሽ ጊዜ።"

"ውይ ልጄ!" ጭሱን በእጇ ገፋ አድርጋ አየችው። "አንተ እኮ ነህ ያበላኸኝ! እዚያ ሳለሁ ነጮቹ አፍንጫቸውን ይዘው ፎቶ ያነሱኝ ነበር፤ አንድ ዓሣ የገዛኝ የለም። እዚህ ድልድዩን የሚሻገር ሁሉ ይቆማል። ነፋሱም ጭሱን ወደ ውሃው ይወስድልኛል። እኔማ ላመሰግንህ ስል አፈርኩ እንጂ።"

"ታዲያ አልከሰስሽኝም? ለእማ አጆባ?"

"ምን ብዬ? ሀብታም አደረገኝ ብዬ? ተቀመጥ፣ ላብ አጥምቆሃል። የካሳቫ አቼኬ በዓሣ ልስጥህ። ተቀመጥ አልኩህ!"

ከምድጃው አጠገብ ባለው አግዳሚ ተቀመጠ። አግዳሚው አጭርና ወፍራም ነው፤ ወገቡ ጎበጥ ብሎ ሁለት ግንድ ላይ ተቸንክሯል፤ ጭስ አጥቁሮታል። ሳህኑን ተቀብሎ ግራ እጁን ጠርዙ ላይ አሳረፈ። አውራ ጣቱ አንዲት ጉድጓድ ውስጥ ገባች።

ጉድጓዷ እንደ ማንኪያ ውስጥ ለስላሳ ነበረች። ኤዛን ጣቱን አላወጣም። ወደ ታች አይቶ ማረጋገጥም አላስፈለገውም። ልጅ ሳለ በዚህች ጉድጓድ ጣቱን እየከተተ ተጫውቷል፤ እሱ ሲያወጣ ቢሌ ይከታል። የቢሌ አባት ከታንኳዋ ኋላ ተቀምጠው መሪውን መቅዘፊያ እድሜ ልካቸውን እዚያችው ጠርዝ ላይ እያሻሹ ያወጧት ጉድጓድ ናት።

"ይሄን እንጨት ከየት አመጣሽው?"

"አሞን አናጢው ነው የሰጠኝ። ወደዚህ ስመጣ 'መቀመጫ እንኳ ይኑርሽ' ብሎ። ምን ዓይነት እንጨት እንደሆነ እንጃ፤ ምድጃው ሥር እየዋለ አይቃጠል፣ አይሰነጠቅ። ብላ እንጂ!"

ሙዚየሙ ሊከፈት የቀረበ ሰሞን ታንኳዋ ለትልቁ አዳራሽ ረዘመች። እንግዶቹ ተጠርተዋል፣ ግድግዳው ሊፈርስ አይችልም። ኤዛን ዙሪያዋን ሲዞር ዋለና አንድ ሐሳብ መጣለት። ፊቷ ከግድግዳው ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ ይቀመጥ፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ማን ያያል? ፈጠራ ነው ብሎ አሰበ። የኋላዋን ቁረጣት አለው አሞንን። አሞን መጋዙን ይዞ ቆመ፤ "ቢሌ ያውቃል?" ሲል ጠየቀ።

"ያውቃል" አለው ኤዛን።

"የተረፈውንስ?"

"ውሰደው።"

በምረቃው ቀን ሁሉም ከታንኳዋ ፊት ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ፎቶዎቹን ለቢሌ ልኮለታል። ቢሌም እስከ ዛሬ ጠዋት በእነዚያ ፎቶዎች ውስጥ የሚያየው ሙሉ ታንኳ ይመስለዋል።

ዘፈኑ ይሄ ነው፣ አለ ኤዛን በልቡ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አሞን ለአንዱ ተናግሯል፣ አንዱ ለአጆባ። ዛሬ አደባባዩ ላይ ይዘፈናል፣ አንዱ በስልኩ ይቀዳል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፖይንት ኑዋር ይደርሳል። ቢሌ ከሌላ ሰው አፍ፣ በጭብጨባ ታጅቦ ይሰማዋል።

ሳህኑን አስቀምጦ ስልኩን አወጣ። የድምፅ መቅጃውን ተጫነ።

"ቢሌ፣ ስማኝ…"

ታንቲ ሞሺያ ዞር ብላ አየችው። አቋርጦ አጠፋው። እንደገና ተጫነ፣ አንድ ቃል ሳይወጣው እንደገና አጠፋው። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይባላል ወይ? ሰው ፊት ለፊት ነው እንጂ፤ ሲመጣ፣ በእርጋታ፣ ቁጭ ተብሎ። ምክንያቱ ጥሩ ምክንያት ነበር። ጥሩ ምክንያት ሁልጊዜ አያጣም፤ ይህንንም ስለ ራሱ ያውቃል።

ከአሮጌው ሰፈር በኩል ትልቁ ከበሮ ተመታ፤ አሁን ለሙከራ አልነበረም።

"ተጀመረ!" አለች ታንቲ ሞሺያ መጎናጸፊያዋን እያነሳች። "ሂድ ሂድ፣ ሳትኖር ከተዘፈነብህ ደግሞ ፈሪ ይሉሃል፤ እሱ ሌላ ዘፈን ነው።"

*

አደባባዩ ሞልቷል። የወታደር ልብስ የለበሰ ሕፃን፣ ሙሽራ የሆነ ባለ ጢም፣ ፊቱን ነጭ የተቀባ ፖሊስ፤ ፖሊሱ እውነተኛ ይሁን የተዋሰ አይታወቅም። የየቤተሰቡ ቡድን በተራው እየዞረ ያልፋል። የአጆባ ሴቶች ወደ መሐል ሲገቡ ክቡ ራሱ ተከፍቶ ኤዛንን ፊት አደረገው። ማን እንደገፋው አላየም።

አጆባ እጇን አነሳች። ከበሮው ዝግ አለ።

"አያቴ ሞቱና ከመስታወት ጀርባ ገቡ!"

"ማን አስገባቸው?" መለሱ ሴቶቹ።

"ከሩቅ የመጣ ተማሪ!"

"ምን በድለውት?"

"ልጠይቃቸው ብሄድ ደጃፍ ላይ ያዘኝ፤ ትኬት አለሽ ወይ አለኝ!"

"አያትሽን ለማየት?"

"አያቴን ለማየት! በሕይወት ሳሉ በራቸው መዝጊያ አልነበረውም…"

"አልነበረውም!"

"ሞተው ነው ዘበኛ የቀጠሩ!"

አደባባዩ በሳቅ ፈነዳ። ድራማኔ ከሕዝቡ መሐል "ዘበኛው እኮ እኔ ነኝ! እኔ ምን አደረግኳችሁ?" እያለ ሲጮህ ተሰማ፤ ይሄም ተጨምሮ ሳቁ በረታ። ሴቶቹ ዘፈኑን ከጫፍ ጀመሩት። በሦስተኛው ዙር ላይ ሕዝቡ ሁሉ መልሱን ይዟል።

ኤዛን መጀመሪያ አልገባውም። ትኬት። ዘፈኑ ስለ ትኬት ነበር። ከዚያ ሳቅ መጣበት፤ የማይቆም ዓይነት ሳቅ። ካኩ ብርቱካኖቹን እያንቀጠቀጠ መጥቶ ከወገቡ ላይ አንዱን ሽርጥ ፈትቶ ለኤዛን አሰረለትና ወደ መሐል ጎተተው። ጨፈረ። ብራስልስ ሳለ በጥናቱ ውስጥ "ተሳታፊው በጭፈራ ጥፋቱን ይቀበላል" ብሎ የጻፈው ትዝ አለው፤ እሱ ግን የሚጨፍረው ስላልተያዘ ነበር።

ሲደክመው አጆባ ነጭ አፈር በጣቷ አንስታ ግንባሩ ላይ ሰፋ አድርጋ ቀባችው።

"ይኸው፣ ንጹሕ ነህ። ከነገ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው አያቶቹን በነጻ ይይ።"

"ይሁን። እማ አጆባ…"

"ምን ሆንክ?"

"ሌላ የለም? በእኔ ላይ?"

"ምን ሌላ? የምናውቀውን ዘፈንን፤ የማናውቀውን ከየት እናምጣ?" ጨርቋን አጥብቃ አሰረች። "ልቀቀኝ አሁን፤ ቀጥሎ የቤት ደላላው ነው፤ ላቡ ከወዲሁ ጀምሮታል፣ አየኸው?"

ከክቡ ወጥቶ ከግንብ ሥር ተደገፈ። አንዱ የዘንባባ ጠጅ በቆርቆሮ አቀበለው። ሲጠጣ ከበሮ መቺዎቹ ተቀያየሩና አሞን አናጢው ፊቱ በላብና በነጭ አፈር ተዥጎርጉሮ መጥቶ ከጎኑ ቆመ። ቆርቆሮውን ከእጁ ወስዶ ጨረሰው።

"በደንብ ጨፈርክ። ለቢሮ ሰው አይከፋም።"

"አመሰግናለሁ።"

"እኔማ ዘፈን አለ ሲሉኝ ስለዚያች ታንኳ መስሎኝ ደንግጬልህ ነበር።" አሞን አፉን በክንዱ ጠረገ። "ኋላ ግን አሰብኩት። ቢሌ ራሱ ከፈቀደ ማን ምን አገባው? ፈቅዶ የለ?"

ሰዎች በአጠገባቸው ያልፋሉ። አንዲት ልጅ የኤዛንን ግንባር አይታ ሳቀችበት።

"ፈቅዷል" አለ ኤዛን።

አሞን ትከሻውን መታ አድርጎት ወደ ከበሮው ተመለሰ።

*

ኤዛን የቤት ደላላውን ዘፈን አልሰማም። ከዚያ በኋላ ያሉትንም አልሰማም። ሽርጡን እንደታጠቀ በላጉኑ ዳር ሲሄድ ያገኙት ሁሉ የእሱን ዘፈን እያንጎራጎሩ በእጃቸው ትኬት ሲቆርጡ ያሳዩታል፤ እሱም ፈገግ ይላቸዋል። ፀሐይዋ ከድልድዩ ወዲያ ዝቅ ብላለች።

የታንቲ ሞሺያ ምድጃ በርዷል። ወንፊቱን በጆንያ ሸፍናው ሄዳለች። አግዳሚው ግን ቦታው ነበር፤ የሚሰርቀው ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም። ኤዛን አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ጠርዙን በእጁ መዳፍ ጠረገው። ጥላሸቱ ሲነሳ ከሥሩ የድሮው ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለ። ያንን ቀለም ከቢሌ ጋር ሆነው ነው የቀቡት፤ የቢሌ አባት ቆመው "እጃችሁን ሳይሆን እንጨቱን ቀቡ" ይሏቸው ነበር።

እንጨቱን ለሙዚየሙ ልውሰደው ብሎ አሰበ። ወዲያው ደግሞ፣ ለማን እንዲታይ? ከሥሩስ ምን ተብሎ ተጽፎ? ተወው። ጉድጓዷ በደንብ እንድትታይ ጎንበስ ብሎ ፎቶ አነሳት። አንዱ ደበዘዘ፤ ደግሞ አነሳ። ድምፁን አልተማመነበትምና ጻፈው።

"ቢሌ፣ ይሄ የአባትህ ቦታ ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አሞን ሲጠይቀኝ ያውቃል አልኩት። ዛሬም ጠየቀኝ፤ ፈቅዷል አልኩት። ከበሮው ገና አልገባም።"

አንብቦ ሊያሳምረው ፈለገ። "በወቅቱ ከነበረው ሁኔታ አንጻር" የሚል ሐረግ ጀመረና አጠፋው። መጀመሪያ የጻፈውን ላከው።

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። ቢሌ እየጻፈ መሆኑን ስልኩ አሳየ። ኤዛን አግዳሚው ላይ ሊቀመጥ ብሎ ተወውና መሬት ላይ ተቀመጠ። መጻፉ ቆመ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ቆመ። ከአሮጌው ሰፈር በኩል ከበሮው እየራቀ፣ እየቀዘቀዘ ሄደና ጸጥ አለ፤ ገባ ማለት ነው።

በማግሥቱ መምህር አሱሙ ከዘራቸውን ይዘው ማለዳ መጡ፣ በነጻም ገቡ። ካኩ ሽርጡን ሊወስድ መጣ። ሰፈሩ የተዋሰውን ቀሚስ ሁሉ አጥቦ ለየባለቤቱ ሲመልስ ሳምንቱ አለቀ። ከቢሌ መልስ አልመጣም።